የሆስፒታል ሐኪም የሥራ ቦታውን ለመለወጥ ስለሚሻበት ምክንያት፤ የፎገራን ሜዳ በአብነት በመያዝ



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ወረታ ይደርሳል። ከዚያም መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይዘልቃል፤ ሌላው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራው፣ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር አድርጎ እስከ ወልድያ ይሄዳል። በዚህ መገናኛ ዙሪያ በሚገኝ አነስተኛ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ወደ ሦስቱም አቅጣጫ ቢመለከት እርሱ ካለበት የሚበልጥ ሆስፒታል ያያል። በደቡብ የባሕር ዳሮቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ በሰሜን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በምሥራቅም የደብረ ታቦሩ አሉ። ከአቅሙ በላይ የሆነውን በሽተኛ የሚልከው ወደ እነዚህ ነው። የራሱንም የዝውውር ማመልከቻ የሚጽፈው ወደ እነዚሁ ነው።

የዚህ ንግግር ርእሰ ነገር ያ ማመልከቻ ነው። በምክንያትነት የሚሰፍርበት ቃል አብዛኛውን ጊዜ «የቤተሰብ ጉዳይ» የሚል ሲሆን፣ ይህ ለጽሕፈት ቤት የሚመች አነጋገር ነው እንጂ ነገሩን ሁሉ አይገልጽም። ጉዳዩ በአደባባይ ሲነሣ ደግሞ ሁለት አስተያየቶች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው ሐኪሙን የሚወቅስ ነው፤ የዛሬው ወጣት ሐኪም ከተማ ለምዶ ገጠርን ንቋል ይላል። ሁለተኛው ሐኪሙን የሚከላከል ነው፤ ነገሩ ሁሉ የደመወዝ ነው፣ ደመወዙ ቢሻሻል ማንም ከቦታው አይነቃነቅም ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ የያዙት ድርሻ አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሐኪሙ ውሎ የሚያድርበትን ሥራ ቀርበው አይመለከቱትም። ቀርቦ ለተመለከተው፣ ሐኪሙ የሚሸሸው ሜዳውንም ሕዝቡንም አይደለም። በቦታው በመቆየቱ የሚጨመርለት አንዳች ነገር የለም፤ ለሙያው የሚከፈለው ዋጋ ሁሉ የሚገኘው ቦታውን ከለቀቀ በኋላ ነው። የሚሄደውም ስለዚህ ነው። ከዚህም የከፋው፣ የሚሄድበት ጊዜ ልክ ለቦታው መጥቀም የጀመረበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ ሜዳውን ማወቅ ያሻል። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ አገር ነው። ርብና ጉማራ ከደጋው ወርደው ወደ ሐይቁ የሚገቡት ይህንኑ ሜዳ አቋርጠው ነው። ክረምቱ ሲበረታ ወንዞቹ ሞልተው ይፈሳሉ፤ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉት ቀበሌዎችም በውኃ ይከበባሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀሉ አይዘነጋም። ያው ውኃ ደግሞ ሜዳውን የሩዝ አገር አድርጎታል። ቀድሞ በከብቱ ይታወቅ የነበረው ፎገራ፣ በደርግ ዘመን በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል የገባውን ሩዝ ተቀብሎ ዛሬ በአገሪቱ ስመ ጥር የሩዝ አምራች ሆኗል። በሽታውም ከውኃው ጋር ይመላለሳል። ዝናሙ ሲያቆም፣ ውኃው በየማሳው ሲተኛ፣ ከመስከረም ጀምሮ ወባ ይነሣል፤ ሁለተኛው ወቅቱ የበልጉን ዝናም ተከትሎ በግንቦትና በሰኔ ነው። በዚህ ላይ የአካባቢው ጎልማሶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርደው ሲመለሱ የቆላውን ትኩሳት ይዘው ይመጣሉ።

ከዚህ ሁሉ ትኩሳት መካከል አንዱን ከሌላው መለየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በ1997 ዓ.ም. ከፎገራ በሚዋሰነው በሊቦ ከምከም ወረዳ የደረሰው ያስረዳል። ሰዎች በረጅም ትኩሳት ይያዙ፣ ጣፊያቸው ያብጥ፣ ከስተው ከስተው ይሞቱ ነበር። በሽታው መጀመሪያ የታከመው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነው። ኋላ በምርመራ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ እስከዚያን ጊዜ ድረስ የቆላ በሽታ እንደሆነ እንጂ በዚህ ከፍታ ላይ ይዛመታል ተብሎ የሚጠረጠር አልነበረም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን የሕክምና አገልግሎት ከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከሊቦ ከምከምና ከፎገራ ከ2000 በላይ የሚሆኑ ሕሙማን ታከሙ። በዚያ ጊዜ ማንንም መውቀስ አይገባም። የማያውቁትን በሽታ መጠርጠር ከማንም አይጠበቅም።

ዛሬ ግን በሽታው ይታወቃል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ምልክቱን የሚያሳይ ምርመራ አለ። ለ17 ቀናት በመርፌ የሚሰጥ የሁለት መድኃኒቶች ጥምር ሕክምናም አለ። ሆኖም ምርመራውን የሚያዘው ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬን ደግሞ የሕክምና መመሪያ ብቻውን አያስተምርም። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም በመጀመሪያው መስከረም በቀን ብዙ የወባ በሽተኛ እያየ ይውላል። በዚያ ግርግር ውስጥ ሦስት ሳምንት ያተኮሰው የቀን ሠራተኛ በወባ መድኃኒት ወደ ቤቱ ቢመለስ የሚያስገርም አይሆንም። በሁለተኛው መስከረም ያው ሐኪም በሽተኛው ገና ከበር ሲገባ «መተማ ወርደህ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ እጁንም ወደ ጣፊያው ይሰዳል። በመጀመሪያው ክረምት ምጥ የያዛት እናት ከተከበበ ቀበሌ በጀልባና በቃሬዛ ደርሳ ሲያይ ይደነግጣል። በሁለተኛው ክረምት ግን የመውለጃቸው ወራት በነሐሴ የሚውል እናቶች ውኃው ሳይመጣ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንዲገቡ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር አስቀድሞ ይመክራል። የትኛው የላቦራቶሪ ባለሙያ ዓይኑ የታመነ እንደሆነ፣ የትኛው አምቡላንስ ጭቃውን እንደሚወጣ፣ የትኛው ቄስ ቢናገር ሕዝቡ እንደሚሰማ ያወቀውም ያን ጊዜ ነው። ፎገራን ለማወቅ እንግዲህ ሁለት ክረምት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሐኪሙ የሚሄደው ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ነው። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ከሕክምና ትምህርት ቤት የሚመረቅ ሐኪም በጤና ሚኒስቴር በኩል በዕጣ ይመደብ ነበር። እንደ ተመደበበት ክልል የተወሰኑ ዓመታት እስኪያገለግል ድረስም የትምህርት ማስረጃው አይሰጠውም ነበር። የዚህ አሠራር ዓላማ በጎ ነበር፤ መንግሥት ያስተማረውን ሐኪም ሕዝቡ እንዲያገኘው ነው። ይሁን እንጂ ግዴታው የሚቆጠረው ወደ ኋላ ነው። ሐኪሙ በደረሰበት ቀን የቀረውን ወር መቁጠር ይጀምራል። በጤና ተቋማት ዘንድ «መልቀቂያ» የሚለው ቃል ያገኘው ክብደት ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። እስረኛ የሚቆጥረውን ዓይነት ቀን አንድ ባለሙያ በሥራው ላይ እንዲቆጥር ማድረግ፣ ሥራው ቅጣት መሆኑን ከመጀመሪያው እንደ መንገር ይቆጠራል። የዕጣው ነገር በኋለኞቹ ዓመታት ተለውጧል፤ ቆጠራው ግን በአእምሮ ውስጥ ቀርቷል።

የሥራውን ውስጥ ደግሞ እንይ ቢባል፣ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ብቸኝነት ነው። በአገሪቱ የጤና አወቃቀር መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ የታሰበ ነው። በዚያ የሚሠሩት በአብዛኛው ጠቅላላ ሐኪሞችና፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ባለሙያዎች ናቸው፤ እነዚህ የኋለኞቹ ከ15 ዓመታት በላይ የሆነው ልዩ ሥልጠና ያፈራቸው ሲሆን፣ በወረዳ ከተማ የብዙ እናቶችን ነፍስ የሚያተርፉት እነርሱ ስለሆኑ ምስጋና ይገባቸዋል። በሌሊት ተረኛ የሚሆነው ሐኪም አንድ ነው። የሚያማክረው ታላቅ ሐኪም በአጠገቡ የለም። መብራት ሲጠፋ የጄነሬተሩ ነዳጅ መኖር አለመኖሩን የሚጠይቀው እርሱ ነው። ኦክስጅን፣ ደምና የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል ባለቁ ጊዜ ለበሽተኛው ቤተሰብ የሚነግረውም እርሱ ነው።

በዚህ ሁኔታ ሐኪሙ ቀስ በቀስ የሚማረው መላክ ነው። በትምህርት ቤት ሳለ የሠራውን ነገር መሣሪያ በማጣት ምክንያት ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይልካል። የላከውን በሽተኛ ነገር ግን መልሶ አይሰማም። በመላኪያው ወረቀት ግርጌ ተቀባዩ ሆስፒታል ያገኘውን ውጤት ጽፎ እንዲመልስ ቦታ ተትቶለታል፤ ተሞልቶ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። ግምቱ ልክ ነበርን? ልጁ ዳነን? እናቲቱስ? መልስ የለም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሐኪም የሚማረው ከስሕተቱም ከትክክሉም ስለሆነ፣ የሥራው ፍጻሜ የተሰወረበት ሐኪም በዓመቱ ካወቀው የሚረሳው እየበዛ እንደሚሄድ ይሰማዋል። አንድ ወጣት ሐኪም ሙያው ከእጁ እየወጣ መሆኑን የተረዳ ዕለት ማመልከቻውን መጻፉ አይቀርም። ይህን ግን «የቤተሰብ ጉዳይ» ከሚለው ሐረግ ውስጥ ማንም አያነበውም።

ነገሩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7000 ያህል ሕዝብ እንደ ጨረሰ ተመዝግቧል። በዚያ ዘመን አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች፣ እነዚያም በአመዛኙ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የተያዘው ሐሳብ፣ ለትንንሽ ከተሞች የሚሆን ባለሙያ በዚያው በገጠሩ አጠገብ ማሠልጠን ነበር። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ወባ በደጋው ጭምር ተዛምቶ 3 ሚሊዮን ሕዝብ እንደ ታመመና 150,000 እንደ ሞተ ሲገመት፣ የእነዚህ ወጣቶች ጥቅም በግልጽ ታየ። ሆኖም ከጤና መኮንኖቹ ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ወደ ሕክምና ትምህርት ገብተው ሐኪሞች ሆኑ። ጤና ጣቢያውን ጠልተውት አልነበረም። በጤና መኮንንነት ወደ ላይ የሚያስወጣ ደረጃ ስላልነበረ፣ ለማደግ መተው ግድ ሆኖባቸው ነው። ኮሌጁ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ፋኩልቲ ሲሆን የጤና መኮንኖች ትምህርት ተቋረጠ፤ እንደገና የተጀመረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የዛሬው ጠቅላላ ሐኪም ዕጣ ከእነዚያ ሰዎች ዕጣ ጋር የሚመሳሰለው በዚህ ነው።

ስለ ደመወዝ የተባለው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ባደረጉት ስብሰባ፣ ኋላም በግንቦት 2017 ዓ.ም. በበርካታ ሆስፒታሎች ሥራ እስኪቋረጥ ድረስ በደረሰው ጥያቄ፣ የኑሮ ውድነትና የደመወዝ ማነስ በግንባር ቀደምትነት ተነሥቷል። በብዙ ወረዳዎች የተረኝነት ክፍያ ለወራት ሳይከፈል መቆየቱም ምሬቱን አብሶታል። ዳሩ ግን ደመወዝ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ የተመረመረበት ጥናት አለ። ካራ ሀንሰንና ዊሊያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ኢትዮጵያ ሐኪሞችና ነርሶች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከዋና ከተማው ውጭ ለመሥራት የሚፈቅዱት ሐኪሞች 7 በመቶ ያህል እንደሆኑ፣ ደመወዝ በእጥፍ ቢጨመር ከ50 በመቶ በላይ እንደሚደርሱ ገመቱ። ከዚሁ ጋር ግን ጥሩ መኖሪያ ቤት ብቻ ቢሰጥ ቁጥሩ ወደ 27 በመቶ እንደሚያድግ፣ ይህም 46 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ከማድረግ ጋር እንደሚስተካከል አሳዩ። ለልዩ ሙያ ትምህርት የሚያበቃው የአገልግሎት ዘመን ቢያጥር ሐኪሞቹ ለመውጣት ፈቃደኞች እንደሚሆኑም ገልጸዋል። ነርሶቹን ከደመወዝ ቀጥሎ የሳባቸው የመሣሪያና የመድኃኒት መሟላት ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል፤ ባለሙያ የሚፈልገው መሥራትን ነው።

ቤተሰብም እውነተኛ ምክንያት ነው። የሐኪም የትዳር ጓደኛ ብዙ ጊዜ ራሷ ወይም ራሱ ባለሙያ ስለሆነ ለሁለቱም በአንድ ወረዳ ሥራ ማግኘት ይቸግራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሐኪሙ ከቤተሰቡ ተለይቶ መሰንበቱ፣ መድኃኒትና አምቡላንስም መዘግየታቸው የመሄድን ፍላጎት እንዳባባሰ ግልጽ ነው። በዚህ ጊዜ ነው ወባም የበረታው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። እንዲህ ባለ ዓመት በየሆስፒታሉ በቦታው የቆየውን ሐኪም ማመስገን ሲገባ፣ የቆየበትን ቀን የሚመዘግብለት እንኳ አልነበረም።

መንግሥት ለችግሩ ያገኘው ዋና መልስ ቁጥርን ማብዛት ነበር። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ተከፈተ፤ የተመራቂው ቁጥርም በጥቂት ዓመታት አደገ። ነገር ግን ብዙ ሐኪም ማፍራትና ብዙ ሐኪም በቦታው ማቆየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቅርብ ዓመታት የተመረቁ ወጣት ሐኪሞች በበጀት እጥረት ሥራ አጥተው ሲቀመጡ፣ በዚያው ጊዜ በገጠር ሆስፒታሎች አንድ ሐኪም ለብዙ ሰዎች ሥራ ሲቃጠል ታይቷል። የቆየው እንዲሄድ፣ አዲሱ እንዲተካው ማድረግ ለወጪ ሊቀል ይችላል፤ ለፎገራ በሽተኛ ግን በየሁለት ዓመቱ ካላዛርን እንደ አዲስ የሚማር ሐኪም ማለት ነው።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተመሳሳይ ችግር ላይ ስትሠራ ቆይታለች። እርሷም የግዴታ አገልግሎት ነበራት፤ አላትም። ከዚያ በላይ ግን የገጠር ልጆችን መርጣ ወደ ሕክምና ትምህርት አስገባች፤ በየትውልድ አካባቢያቸው አጠገብ አስተምራ ወደዚያው መለሰቻቸው፤ እንደ ቦታው ርቀትና ችግር የሚለያይ አበል ቆረጠች። የገጠር ሐኪሞችም የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ድምፃቸውን አሰሙ። በዚህ ሁሉ ሐኪሞቹ ወደ ከተማ መሄዳቸውን ባያቆሙም፣ መቆየት ዋጋ ያለው ነገር መሆኑ በሕግም በደመወዝ ወረቀትም ታወቀ።

ለፎገራና መሰሎቹ የሚሆነው ይህን መሰል ነገር ነው። ሐኪሙ ዕድሜውን ሙሉ በወረዳ ይቀመጥ ማለት አይገባም፤ ማንም ሌላ ባለሙያ እንዲህ አይባልም። የሚፈለገው ሦስተኛው ክረምት፣ ቢቻልም አራተኛው ነው። ለልዩ ሙያ ትምህርት በሚደረገው ውድድር በወረዳ ሆስፒታል የተጨመረ እያንዳንዱ ዓመት ከፈተናው ውጤት ጎን በነጥብ ቢቆጠር፣ ዛሬ ሐኪሙን የሚያስኮበልለው ትምህርት ነገ የሚያቆየው ይሆናል። ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ በመሆኑ፣ የወረዳው ሐኪም በየሩብ ዓመቱ ሁለት ሳምንት እየሄደ ከታላላቆቹ ጋር ቢሠራ፣ በእርሱም ቦታ ከዚያ አንድ ሐኪም ቢመጣ፣ ሁለቱም ይማራሉ፤ የላከውንም በሽተኛ ፍጻሜ ያውቃል። ካላዛርን በሚመለከትም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምርና የሕክምና ማእከል ጋር በስምና በስልክ የሚተዋወቅ ሐኪም በየሆስፒታሉ መኖር አለበት፤ ያ ሐኪም ሲቀየርም ያወቀውን ለተተኪው በጽሑፍ ሳያስረክብ መልቀቂያ ባይሰጠው ይመረጣል።

የነጥቡን ጉዳይ ሊወስኑ የሚችሉት ጤና ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው፤ ማኅበሩም በዚያ የሚሰማ ድምፅ አለው። የመኖሪያው ቤት ግን የወረዳውና የዞኑ ሥራ ነው። ሕዝቡ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ በገንዘቡና በጉልበቱ ሲሠራ የኖረ ስለሆነ፣ በሆስፒታሉ ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ከነውኃው ለሐኪሙ ሥሩ ቢባል እንቢ የሚል አይመስልም። እስካሁን የጠየቀው ግን የለም።